ልጄ ዲፌንስ ያደረገችበት ዱቡሻ

በተወለድኩበት ቀበሌ፣ ዱቡሻ ላይ ቆሜ እንዳልናገር ተከልክዬ ኖሬያለሁ። ምክንያቱ እናቴ ሸክላ መሥራቷ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ የማንንም ድንበር አልገፋሁም። እንዲያውም የተገፋሁት እኔ ነኝ።

ዱቡሻን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የጋሞ ሰው የሚማከርበት፣ የሚካሰስበትና የሚታረቅበት አደባባይ ነው። መሃሉ ላይ ዛፍ፣ ዙሪያውን የመቀመጫ ድንጋይ አለ። የሚናገር ሰው ከመሃል ይቆማል፤ እስኪጨርስ ማንም አያቋርጠውም። ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች በሬዲዮ ሲያደንቁት ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ያምራል። እኛን ሸክላ ሠሪዎቹን ግን ከድንጋዩ ውጭ ያስቀምጠናል። ድግስ ሲኖር በብርጭቆ ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ይቀዳልን ነበር። ይሄንን ሬዲዮው አላወራም።

ጎረምሳ ሳለሁ ጎረቤታችን የእንሰት ማሳችንን ድንበር ገፋ። አባቴ ሞቷል። አቤት ልል ዱቡሻ ሄድኩ። "አንተ ውጭ ተቀመጥ፣ ሰው ይናገርልሃል" ተባልኩ። የተናገረልኝ ሰው የገፋኝ ሰውዬ አማች ነበር። ምን ብሎ እንደተናገረልኝ እናንተ ገምቱት። በማግስቱ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ።

እዚያ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ድንጋይ ተሸከምኩ፣ ጭቃ አቦካሁ፣ ቆይቼ ግንበኛ ሆንኩ። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጎልማሶችን ታስተምር ነበር። ትልቋ ልጄ ማርታ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት እኔም ገባሁ። እሷ ቀደመችኝ። "አባዬ፣ ጣትህን አሳልፈው እንጂ፣ ያንን አንብበኸዋል" እያለች ታርመኝ ነበር። በብዙ ነገር ቅር ብሎኛል፤ በዚህ ግን አንድ ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ማርታ እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ተማረች። ከዚያ ስኮላርሺፕ አግኝታ ለማስተርስ ወደ ቤልጅየም ሄደች። ሰው ልጁ ውጭ አገር ሲማር ፎቶ ያሳያል። እኔም ፎቶ አለኝ፤ በረዶ ላይ ቆማ ጥርሷን ታሳያለች። ግን እሁድ እሁድ ስትደውል ድምፅዋን የምሰማው እኔ ነኝ፤ ድምፅዋ ጥርሷን አይመስልም ነበር።

"አባዬ፣ እዚህ ተማሪው ሁሉ ይናገራል። መምህሩን እንኳ ይከራከሩታል" አለችኝ በመጀመሪያዎቹ ወራት።

"አንቺስ?"

"እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው።"

"ከኋላ ያስቀመጠሽ ማነው?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

ያን ቀን እራት አልበላሁም። ከኋላ መቀመጥን ያስተማርናት እኛ ነን። ልጅ ሆና አያቷ ዘንድ ስትሄድ ምንጩ ላይ ሌሎቹ ቀድተው እስኪጨርሱ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ቤልጅየም ድረስ ያንን ይዛው ሄደች።

በሚቀጥለው እሁድ "የተማርሽውን ለእኔ ተናገሪ" አልኳት።

"አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ በእንግሊዝኛ እንኳ ከባድ ነው።"

"በጋሞኛ ተናገሪው። ካልገባኝ አልገባኝም እልሻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር፣ ዝናብ መሬት ውስጥ ገብቶ ምንጭ ሆኖ እስኪወጣ የት የት እንደሚዞር ታስረዳኝ ጀመር። እኔም እከራከራለሁ። ባወቅሁትም ባላወቅሁትም እከራከራለሁ። አንድ እሁድ እየሳቀች ደወለች። "ዛሬ ፕሮፌሰሩን 'አይደለም' አልኩት" አለች። "ምን አለሽ ታዲያ?" ስላት "'ልክ ነሽ' አለኝ" ብላ ስልኩ ውስጥ ጮኸች። ማስተርስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ሰኔ ማርታ ጽሑፏን አስገብታ መጣች። አያቷ፣ ማለት እናቴ፣ በጠና ታማ ነበር። ትምህርት ቤቱ የመጨረሻውን ፈተና፣ እነሱ ዲፌንስ የሚሉትን፣ በቪዲዮ እንድታደርግ ፈቀደላት። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ይህ ካለፈ ሌላ ቀን የለም። ስኮላርሺፑ በዚያው ወር ያልቃል። ሐሳቧ አርባ ምንጭ ወርዳ፣ ጓደኛዋ ቢሮ በደህና ኢንተርኔት ልትፈተን ነበር።

ልንጠይቃት እኔና ማርታ ወደ ቀበሌያችን እንደወጣን፣ እናቴ ረቡዕ ዐረፈች። ሐሙስ ቀበርናት። ዓርብ ጠዋት ልንወርድ ስንነሳ፣ ዝናብ ሲወርድ አድሮ በምዕራብ ዓባያ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚያወርደውን መንገድ ናደው። ቀድመውን የወረዱ ባለ ሞተር ሳይክሎች እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ተመለሱ። "በእግርስ?" አልናቸው። "ወንዙን አይታችሁታል? በሬ ይወስዳል" አሉን።

ቀበሌያችን ከፍታ ላይ ነው፤ የዓባያ ሐይቅ ከታች ይታያል። ኔትወርክ የሚመጣው ከታች ከሐይቁ ዳር ነው። ሰፈራችን ግን ረባዳ ውስጥ ስለሆነ ስልክ የሞተ ዕቃ ነው። ማርታ ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ ከለቀስተኛ ጋር ተቀምጫለሁ። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ሰማሁ።

"ማነው እዚያ የቆመው? ውጪ! ውጪ ከዚያ!"

ድምፁን አወቅሁት። ጋዶ ነው፤ ማሳው ከዱቡሻው ጋር የሚዋሰን ትልቅ ገበሬ። ሮጥኩ። ማርታ ዱቡሻው መሃል፣ ዛፉ ሥር፣ ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ቆማለች። ፊቷ በርቷል።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ ኔትወርኩ ሙሉ ነው!"

ሌላ ቦታ ሁሉ ሞክራለች። ጠርዙ ላይ ይመጣና ይጠፋል። ሙሉ የሚሆነው ዱቡሻው መሃል ብቻ ነው። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው የሚቀልደው።

"ዳና፣ ልጅህን አውጣ" አለኝ ጋዶ።

"ስልክ ነው የያዘችው እንጂ ጦር አልያዘችም" አልኩት።

"ፈረንጅ አገር ብትማርም አጥንቷ አልተለወጠም። ጎሜ ልታመጣብን ነው?"

ጎሜ ማለት ሥርዓት ሲጣስ የሚመጣ መቅሠፍት ነው፤ ከብት ያልቃል፣ ዝናብ ይቀራል፣ ልጅ ይታመማል ይባላል። እነዚህ ሰዎች እሁድ እሁድ እንደ እኔው ሃሌሉያ የሚሉ ናቸው። ጎሜ ሲባል ግን ፊታቸው ይለወጣል።

ልሳደብ አፌን ስከፍት ማርታ ክንዴን ያዘች።

"ጋሽ ጋዶ፣" አለችው ረጋ ብላ፣ "ቦታው ላይ ለመቆም ማንን ነው የምጠይቀው?"

ሰውዬው ይህን አልጠበቀም። ስድብ ቢሆን ያውቅበታል። ጥያቄ ሆነበት። "ሃላቃውን ነዋ" አለ ሳይወድ።

ሃላቃ የዱቡሻው መሪ ነው። የእኛው ሃላቃ አንጁሎ ሽማግሌ ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እኛው ደጅ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹም እዚያው ናቸው። ረጅም ዘንጉን ተደግፎ፣ ሌሎቹን አስከትሎ መጣ። እኔና ማርታ እንደ ወጉ ከድንጋዩ ውጭ ቆምን። ዝናቡ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ከሐይቁ እየወጣ ነው። ሰዓቱ ወደ ሰባት ይጠጋል።

"ልጄ፣ እዚህ ቆመሽ ምን ልትናገሪ ነው?" አለ ሃላቃው።

"ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ተማርኩ" አለች። "ስለ ምንጭ ነው የተማርኩት። ዛሬ አስተማሪዎቼ ተሰብስበው ይጠይቁኛል። ከመለስኩ ማስተርሴን ይሰጡኛል። ካልቀረብኩ ሁለቱ ዓመት ሜዳ ላይ ቀረ።"

"ጠያቂዎቹ ስንት ናቸው?"

"አራት።"

"ሽማግሌዎች ናቸው?"

"ሁለቱ ሽበት አላቸው። አንዷ ሴት ናት።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሃላቃው አልሳቀም።

"ቆመሽ ነው የምትናገሪው?"

"አዎ።"

"መሃል ላይ ያቋርጡሻል?"

"እስክጨርስ አያቋርጡኝም። ስጨርስ ተራ በተራ ይጠይቃሉ። ከዚያ እኔን አስወጥተው ይመካከራሉ።"

ሃላቃው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "እንግዲህ እነሱም ዱቡሻ አላቸው" አለ።

"ይኑራቸው! ይሄኛው የእኛ ነው" አለ ጋዶ።

"ተከሶ የተጠራ ሰው መልስ እንዳይሰጥ መቆሚያ ተከልክሎ ያውቃል?" አለ ሃላቃው። "ነፍሰ ገዳይ እንኳ ሲጠራ መሃል ቆሞ ይመልሳል። ይቺን ልጅ ዱቡሻ ጠርቷታል። ሩቅ ነው እንጂ ዱቡሻ ነው። መቆሚያ ብንነፍጋት ጎሜው የማን ይሆናል? የእሷ ነው የእኛ?"

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስንት ዘመን የታፈነ ነገር ነው።

"እኔስ?" አልኩ። "እኔ ድንበሬ ተገፍቶ የመጣሁ ጊዜ ይሄ ሥርዓት የት ነበር?"

ሃላቃው ወደ እኔ ዞረ። "ያን ቀን እኔም ተቀምጬ ነበር፣ ዳና" አለ። ይቅርታ አላለኝም። ዝቅ ብሎ ከዛፉ ሥር እርጥብ ሣር ነጨና ለማርታ ሰጣት። በእኛ ወግ እርጥብ ሣር የያዘን ሰው ማንም አይነካውም።

"ያዢው። እስክትጨርሺ እንዳትጥይው" አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ባላየው አላምንም ነበር።

ኮምፒውተሯን የመቀመጫ ድንጋይ ላይ ሌማት ደፍተን አስቀመጥነው። ኢንተርኔቱን የምታገኘው ከስልኳ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ጉሙ ወጣና ዱቡሻውን ሸፈነው፤ ኔትወርኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማርታ ስልኩን ከፍ ስታደርገው ይመለሳል፣ ስታወርደው ይጠፋል። እሷ ስልክ ይዛ ቆማ እንዴት ትናገር?

"ስጪኝ" አለ ሃላቃው። ከነጠላው ጥለት ክር መዘዘና ስልኩን ከዘንጉ ጫፍ ጋር አሰረው። ዘንጉን ወደ ሰማይ አቁሞ ያዘ። ኔትወርኩ መጣ። ያ ዘንግ ከሃላቃ ወደ ሃላቃ ሲተላለፍ የኖረ የሹመት ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ የልጄ ስልክ ተሰቅሏል።

ማርታ አያቷን የቀበረችበትን ጥቁር ልብስ እንደለበሰች፣ ሣሩን በግራ እጇ ይዛ ቆመች። አራት ፈረንጆች ስክሪኑ ላይ መጡ። ሰላምታ ሰጡ። ልጄ መናገር ጀመረች።

እንግሊዝኛ አልችልም። የምትለውን ግን አውቀው ነበር። እጇ ወደ ላይ ሲሄድ ዝናቡ ነው። ወደ ታች ሲሄድ መሬት ውስጥ የገባው ውሃ ነው። እሁድ እሁድ የተከራከርንበት ቦታ ሲደርስ ገባኝ፤ እዚያ ላይ ድምፅዋ ጠንከር አለ። ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይሰሙ ነበር። ማንም አላሳለም። እኔ ዕድሜ ልኬን የጠላሁትን ቦታ ያን ጊዜ አደነቅሁት። የሰው ልጅ ሲናገር እንዲህ ዝም ተብሎ መሰማት እንዴት ያለ ነገር ነው!

የሃላቃው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ ሊቀበለው ተነሳ። ሃላቃው በዓይኑ መለሰው። ዘንጉን ሃላቃ ካልሆነ ሌላ ሰው አያቆመውም። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል፣ ዘንጉ ግን ዝቅ አላለም።

ካፊያ ጀመረ። ሴቶች የእንሰት ቅጠል ቆርጠው መጡ፤ ሁለቱ በኮምፒውተሩ ላይ ዘርግተው ያዙ። ማርታ መናገሯን አላቆመችም።

ጋዶ አልሄደም። ጀርባውን ለልጄ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ላያይ፣ ላይሰማ ምሎ ይመስላል። ጠያቂዎቹ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ከታች በመንገዱ የገዛ ወንድሙ ከብት እየነዳ መጣ። አለንጋውን እያጮኸ "ምንድነው? ምን ተሰብስባችሁ ነው?" እያለ ከሩቅ ይጣራል። ማርታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች፤ ጥያቄውን አልሰማችውም። ሁለተኛ እንዲደግሙት ስትጠይቅ አየሁ። ግንባሯ ተቋጠረ። ሰውዬው ደግሞ ጮኸ። አለቀልን አልኩ።

ጋዶ ብድግ አለ።

"ዝም በል!" ብሎ ወንድሙ ላይ አንባረቀ። "አታይም? ሰው ቆሞ እየተናገረ ነው!"

"ሰው" አላት።

ጋዶ ራሱ ያለውን የሰማው አይመስለኝም። ከአፉ ያወጣው ሥርዓቱ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጥንቱ ውስጥ የገባው። ዱቡሻ መሃል የቆመን አታቋርጥ። ተመልሶ ተቀመጠ። አሁን ግን ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ነበር።

ማርታ መለሰች። ሌላ ጠየቋት፣ መለሰች። ሽበታሙ ፕሮፌሰር አንድ ነገር ሲላት ራሷን ነቀነቀችና "ኖ" አለች። ይቺን እንኳ አውቃታለሁ። በኋላ ስጠይቃት፣ ከምንጩ በላይ ባለው ደን ጉዳይ ተሳስቶ ነው አለችኝ። ሴትየዋ ደግሞ ከኋላሽ የተቀመጡት እነማን ናቸው ብላ ጠየቀቻት። ማርታ ኮምፒውተሩን አዞረችው። ሽማግሌዎቹ ፈረንጆቹን አዩ፣ ፈረንጆቹ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሃላቃው ዘንጉን እንደያዘ በአገጩ ሰላም አላቸው።

"ምን ብለሽ ነገርሻቸው?" አልኳት በኋላ።

"እነሱም እንደ እናንተ ናቸው፣ ሰው ሳይጨርስ አያቋርጡም አልኳቸው።"

ጠያቂዎቹ ለመመካከር ጠፉ። ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ማርታ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔ ከድንጋዩ ውጭ፣ ያው የድሮ ቦታዬ፣ ተቀመጥኩ። ሲመለሱ ሁሉም ፈገግ ብለው ነበር። ልጄ ሣር በያዘ እጇ አፏን ሸፈነች።

"ሃላቃ፣ አልፌያለሁ" አለች።

ሃላቃው በመጨረሻ ዘንጉን አወረደ። ክንዱን እያሸ "ይሄን ያህል ፈጥነው ፈረዱ? እኛ ብንሆን ገና ሦስት ቅዳሜ እንቀመጥ ነበር" አለ። ለቅሶ ስለሆነ እልል አልተባለም። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ በአንድ ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ጋዶ አልመረቀም። ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ። ልዋሽላችሁ አልፈልግም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ውጭ አገር ማስተርስ ተምሮ ሲመለስ ወረቀቱን ፍሬም አስገብታችሁ ሳሎን ትሰቅሉታላችሁ። እኔም ሰቅያለሁ። እኔ ግን የማደንቀው ወረቀቱን አይደለም። ያቺ ልጅ በባዕድ አገር ብቻዋን፣ ከኋላ ወንበር ተነሥታ ወደ ፊት የመጣችውን መንገድ ነው። እዚያ ማንም በርቺ አላላትም፣ ማንም ይብቃሽ አላላትም፤ በባዕድ ቋንቋ አፏን ፈታች። የተሰደበች ጊዜ አልተሳደበችም፣ ጠየቀች። እኔ ብሆን ጋዶን በድንጋይ እለው ነበር፤ ልጄም ያለ ማስተርስ፣ እኔም እስር ቤት እንቀር ነበር። ይሄንን የተማረችው ከእኔ አይደለም። ትምህርት ለሰው ምን ይጨምራል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዓይኔ ያየው ይህ ነው።

ሃላቃ አንጁሎንም አደንቃለሁ፤ ማድነቄ ግን ይቅር ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ ተቀምጦ ዝም ያለው እሱ ነው፤ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ዘንግ ይዞ የቆመውም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ይዤ ሌላውን ልጥል አልችልም። ዱቡሻ ክፉ ነገር ነው እል ነበር። አሁን የምለው ሥርዓቱ ደግ ነው፣ እኛን የከለከሉን ሰዎች ናቸው። ሰው የከለከለውን ሰው ይፈቅዳል።

ማርታ ለተጨማሪ ትምህርት ተመልሳ ሄደች። እኔ ሲቀላ እገነባለሁ። ሃላቃው ግን ነገሩን እዚያ አልተወውም። "የሩቅ ዱቡሻ የጠራት ከቆመች፣ የቅርብ ዱቡሻ የጠራው ለምን ውጭ ይቀመጣል?" ብሎ ለሽማግሌዎች አቀረበው። ብዙ ቅዳሜ ተከራከሩ። የተቆጣም፣ ጥሎ የወጣም ነበር። በመጨረሻ መልእክት ልከውልኝ ወደ ቀበሌው ወጣሁ። ወግ ነውና ከድንጋዩ ውጭ ልቀመጥ ስል "ግባ፣ ዳና" አለኝ ሃላቃው። ገባሁ፤ መሃል ቆምኩ፤ ስሜን፣ የአባቴን ስምና የእናቴን ስም ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። በዚህ ቀበሌ የተወለደ ሁሉ፣ እናቱ ሸክላ ትሥራም አትሥራም፣ ዱቡሻው ላይ ቆሞ እንዲናገር የተወሰነው የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነው።